ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃል

ጎፈሬው ከጥቁር የሱፍ ክር የተሠራ ነው። የእህቴ ልጅ ክሩን በአሮጌ ኮፍያ ላይ እየሰፋች ዘጠኝ ምሽት ፈጅታበታለች። ካባው የእናቴ አሮጌ ጋቢ ነው። ደረቱ ላይ ያለው መብረቅ ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው፤ ጠርዙ እንዳይቆርጣት በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩላት እኔ ነኝ። ዝናሩ ካርቶን ነው። በየማቀፊያው የተሰኩት ጥይቶች ቀለማቸው ያለቀ እስክሪብቶዎች ናቸው። በምታነባቸው ሥዕላዊ መጻሕፍት ውስጥ ያሉ ጀግኖች ዓይናቸውን በጠባብ ጭምብል ስለሚሸፍኑ እሷም ከዚያው ካርቶን ቆርጣ፣ በከሰል አጥቁራ አንድ አበጀች። ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት።

ይህን ለብሳ የባህል ቀን ወደሚከበርበት ትምህርት ቤቷ ሄደች። እኔም አብሬያት ሄድኩ። ዘበኛው በር ላይ አስቆማት። ቀጥሎ አንድ ኃላፊ መጡና ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ይሄ ምንድን ነው? የፈረንጅ የሰይጣን በዓል እዚህ አይከበርም። ሂጂና ሰው መስለሽ ነይ!» አሏት።

«ጌታዬ፣ ልጅቷ የለበሰችው እኮ አርበኛውን ጃገማ ኬሎን ነው» አልኳቸው።

«ቢሆንስ? ጃገማ ጭምብል ነበራቸው እንዴ?» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። ከበሩ ወዲያ የቆሙት ልጆች ሳቁ። የእህቴ ልጅ ጭምብሉን አወለቀች፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው፣ ዞራም ወደ ቤት መራመድ ጀመረች። መንገድ ላይ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ጋሼ፣ ጃገማ ጫካ ሲገቡ ማንን አስፈቀዱ?»

የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። ያ ነገር በአንድ በር ላይ ብቻ የሚሆን ቢሆን ኖሮ እጽፈው ነበር። ማታ ቡና ላይ ነገሩን ሳወራ አንዲት ጎረቤታችን ሊያጽናኑኝ ብለው «ምን ያናድድሃል? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እኛን ሁላችንን ያሳደገንን ተረት ነው የደገሙልኝ። እኔን ግን ያቃጠለኝ ከኃላፊው ቃል ይልቅ ይህ ተረት ነው። ኃላፊው አንዲት ልጅ ከበር መለሱ። ይህ ተረት ግን ስንት ትውልድ ከበር ሲመልስ ኖሯል!

እንግዲህ ለልጅቷ ጥያቄ በዚያን ቀን ያልሰጠሁትን መልስ ዛሬ ልስጥ። መልሴም ለእሷ ብቻ አይደለም።

ከከተማችን ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ ግማሽ መንገድ ሳትደርሱ ጊንጪን ታገኛላችሁ። ጃገማ ኬሎ የተወለዱት በዚያ በደንዲ ምድር በ1913 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። አስቡት፤ 15 ዓመት! ዛሬ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ «አንተ ቆይ፣ ትልልቆች ይናገሩ» የምንለው ነው። ያ ልጅ ግን ጫካ ገባ፣ ጎፈሬውን አሳደገ፣ የራሱን ጦር አደራጀና አምስቱን ዓመት ተዋጋ። ሕዝቡም «የበጋው መብረቅ» ብሎ ስም አወጣለት። ይህን ስም ቀስ ብላችሁ ስሙት። የክረምት መብረቅ ይጠበቃል፤ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ አጉረምርሞ ነው የሚመጣው። የበጋ መብረቅ ግን ከጠራ ሰማይ፣ ማንም ሳይዘጋጅ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ ሥዕላዊ መጽሐፍ የሚያሳትሙ ኩባንያዎች ለአንድ ጀግና እንዲህ ያለ ስም ለማውጣት ስንት ሰው ቀጥረው ያሠራሉ። የጊንጪና የአምቦ ገበሬ ያለ ክፍያ፣ በጦርነት መሃል፣ ለአንድ ጉብል ሰጠው።

ታዲያ የእህቴ ልጅ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ ማንንም አላስፈቀዱም። በዚያ ዕድሜ ያቦኩት ለአገር ሁሉ ራት በቃ።

ጃገማም ብቻ አይደሉም። ጀግናን ሁለተኛ ስም ማውጣትና ልዩ ልብስ ማልበስ የእኛ የቆየ ጥበብ ነው። ስመ ፈረስ ምን ነበር? ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መላ። ከእኛው ጎረቤት ከወሊሶ በኩል የተነሡት አርበኛ ገረሱ ዱኪ አባ ቦራ። ሰውየው በቤቱ ሲቀመጥ አባቱ ባወጣለት ስም ይጠራል፤ ፈረሱ ላይ ሲወጣ፣ ለምዱን ሲደርብና ጎፈሩን ሲደፋ ግን ሌላ ሰው ነው፣ ስሙም ሌላ ነው። ለምድ ለብርድ አልተለበሰም። የአንበሳ ጎፈር ከፀሐይ ለመከለል አልተደፋም። ያ ልብስ «ዛሬ ከወትሮው የበለጠ ሰው ሆኛለሁ» ማለት ነበር። ለባሹም እንደ ልብሱ መሆን ነበረበት፤ ለምድ ለብሶ የሸሸ ሰው ዕድሜ ልኩን አዝማሪ ሲሸነቁጠው ይኖራል።

ይህ ባህል ሞቷል የሚል ካለ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል ወደሚከበርበት አደባባይ ይሂድ። ወጣቱ የቅድመ አያቱን ልብስ ለብሶ፣ ጋሻና ጦር ይዞ፣ አንዳንዱም ባዶ እግሩን ይወጣል። የባንክ ሠራተኛው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ለአንድ ቀን ፊታውራሪ ይሆናሉ። ማንም «ሰው መስላችሁ ኑ» አይላቸውም። ሲፎክሩ እንባ የሚያንቃቸውን አይቻለሁ። እኔም አንዴ በተውሶ ለምድ ቆሜ ስፎክር ድምፄ የራሴ አልመስል ብሎኝ ያውቃል።

ጃፓኖች ይህንኑ ነገር ኮስፕሌይ ይሉታል። የወደዱትን ጀግና ልብስ በገዛ እጅ ሰፍቶ፣ ለብሶ፣ ጀግናውን ሆኖ መዋል ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኖቡዩኪ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ጸሐፊ አወጣው፤ ድርጊቱ ግን ከቃሉ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች ተሰብስበው ሳለ ፎረስት አከርማንና ሜርትል ዳግላስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የመጪውን ዘመን ሰው ልብስ ለብሰው ገቡ። ልብሱን የሰፋችው ሜርትል ናት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚለበሰውን ብዙዎች ከዚያች ሴት መርፌ ይመዙታል። በሳንዲያጎ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1970 ጎልማሶችና ጥቂት ልጆች፣ አዎ ገና አሥራዎቹ ውስጥ የነበሩ ልጆች፣ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት የሥዕላዊ መጻሕፍት ጉባኤ ጠሩ። 300 ያህል ሰው መጣላቸው። ኮሚክ ኮን የሚባለው ያ ጉባኤ ዛሬ ከ130,000 በላይ ሰው ይገባበታል፤ ከተማው በሙሉ ሆቴሉን፣ ታክሲውንና ምግብ ቤቱን ለእሱ ያሰናዳል። ሌጎስ የራሷን እ.ኤ.አ. በ2012 ጀመረች። ናይሮቢም የራሷ አላት። ልጅ ያቦካው ለከተማ ራት ሲበቃ ይኸውላችሁ።

«ይሄ የውጭ ነው» ለምትሉ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ብላክ ፓንተር የተባለውን ፊልም ልጆቻችሁ ሁሉ አይተውታል። ዋካንዳ የምትባል፣ ቅኝ ያልተገዛች ምናባዊ አፍሪካዊት አገር አለችበት። ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር በምናብ ለሚፈልጋት በምናብ ናት፤ እኛ የምንኖረው ግን አፈሯ ላይ ነው። በዚያ ፊልም ከአገሪቱ ሽማግሌዎች አንዱ በከንፈሩ ላይ ሸክላ አለ፤ የእኛ የሙርሲና የሱርማ ሕዝብ የሚታወቅበት ዓይነት ሸክላ። የልብሱ ነዳፊ ሩት ካርተር ከአፍሪካ ምድር የለቀመችውን ሁሉ አዋህዳ እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር ተሸለመችበት። ያንኑ ሸክላ እኛ እዚህ «ኋላ ቀር» እያልን ስናፍርበት ኖርን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው። ከዚያም ሌላው ወርቃችንን አንጥሮ ሲያሳየን ልጆቻችን ሲያደንቁ እናያለን፤ ስላደነቁም «የፈረንጅ» ብለን ከበር እንመልሳቸዋለን።

ታሪክን በሥዕል ሳጥን ከፋፍሎ መንገርም ከውጭ የመጣ አይደለም። የንግሥት ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ሳጥን ተከፍሎ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር ጽሑፍ ተጨምሮበት ያላየ ማን ነው? ንጉሡ ግብር ሲያበላ፣ ንግሥቲቱ ውኃ ሲጠማት፣ ልጁ አድጎ ወደ አባቱ ሲሄድ፤ ዓይን ከሳጥን ወደ ሳጥን እየዘለለ ያነባል። ሥዕላዊ መጽሐፍ ከዚህ ምን ተለየ? በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ዘንዶውን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ማንበብ ለማይችለው አያቴ መጽሐፉ ነበር። ዛሬ ያ ጥበብ በአዲስ መልክ እየተነሣ ነው። ብስራት ደበበ የመሠረተው ዕጣን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን አሳተመ። ጀግናው ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ የእኛን ልጆች የሚመስል። ቀጥሎ «ሃዊ» መጣች፤ ስሟ በአፋን ኦሮሞ ምኞት ማለት ነው። ሥዕላዊ መጽሐፍ ገልጣ በእኛ አገር ሴት ልጅ ስም የምትጠራ ጀግና ያገኘች የአምቦ ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራቻቸው «ጥበብ ገርልስ»ም ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ናቸው። ይህ ሁሉ አለን። የጎደለው መጽሐፉን ያነበበችው ልጅ ልብሱን ለብሳ የምትገባበት በር ነው።

አሁን ልጅን ከበር ስለሚመልሰው ሌላው ልማዳችን፣ ስለ ፓናል ውይይት ልናገር። ይህ ደግሞ ደሜን ያፈላዋል።

በዞናችን ከተሞች ስንት የፓናል ውይይት ተቀምጫለሁ! ባነር ይሰቀላል። የክብር እንግዳ ይጠበቃል፤ ሁለት ሰዓት ይዘገያል። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ ይደረደራል። አራት ጎልማሶች ተራ በተራ «ወጣቱ የነገ አገር ተረካቢ ነው» ይላሉ። ወጣቱ ከኋላ ተደርድሮ፣ በመምህሩ ዓይን እየተጠበቀ ያዳምጣል። መጨረሻ ላይ «ከጊዜ አንጻር ሁለት ጥያቄ ብቻ» ይባላል። አንዱን የሚጠይቀው ሌላ ኃላፊ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ምስጋና ነው። ስለ ልጆች ያለ ልጆች ሦስት ሰዓት ተወርቶ ምሳ ይበላል። እነዚያ ልጆች ወደ ቤታቸው ይዘው የሚመለሱት ትምህርት አንድ ብቻ ነው፦ የእናንተ ድምፅ አያስፈልግም።

አንድ ቅዳሜ ግን ሌላ ዓይነት ፓናል አየሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሥዕላዊ መጻሕፍት የሚሠሩና የሚያነቡ ወጣቶች በአንዲት ጠባብ አዳራሽ እንደሚሰባሰቡ ሰምቼ የእህቴን ልጅ ይዣት ሄድኩ። የፕላስቲክ ወንበር፣ ሠላሳ የማይሞላ ሰው፣ ባነር የለ፣ የክብር እንግዳ የለ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሠዓሊ ገና ወጣት ነው፤ ጣቶቹ ላይ ቀለም አለ። ስለ ሥራው አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረና «ጠይቁኝ» አለ። የእህቴ ልጅ እጇን አወጣች። «ጀግናህ የሚፈራው ምንድን ነው?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ «አላሰብኩበትም» አለና ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጥያቄዋን ጻፈው። አያችሁ? ጻፈው! የ13 ዓመት ልጅ የተናገረችውን አንድ አዋቂ ሰው ብዕር አንሥቶ ሲጽፍ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር።

ስንመለስ ሆለታን አልፈን አዲስ ዓለምን እስክንሻገር አፏ አልተዘጋም። ሠዓሊው ምን ዓይነት ብዕር እንደሚጠቀም፣ አንድ ገጽ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ካባ ከምን እንደሚሰፋ። ጊንጪ ስንደርስ በመስኮት እያሳየሁ «መብረቅ የሚባል ጀግና የተነሣው ከዚህ ነው» አልኳትና የጃገማን ታሪክ ነገርኳት። ዝም አለች። ቀጥላም «እዚህ? እኛ አገር?» አለችኝ። ያ የሱፍ ክር፣ ያ ቆርቆሮ፣ ያ ዝናር የተጠነሰሰው እዚያች መኪና ውስጥ ነው። አንድ ሰዓት የማይሞላ እውነተኛ ፓናል ይህን አፈራ። ዓመት ሙሉ የሰቀልናቸው ባነሮች ያፈሩትን አሳዩኝ።

ክርክራችሁን አውቀዋለሁ፤ በየተራ ልመልስ።

«ጭምብል የሰይጣን ነው» ትላላችሁ። ልጆቻችሁ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ አንዷ ሐኪም ትሆናለች። «ዋሽታችኋል» ብላችሁ ትቀጧቸዋላችሁ? ልጅ ሌላ ሰው መሆንን ሲለማመድ የሌላውን ሰው ልብ እየተማረ ነው። ክፋትስ ፊቱን ሳይሸፍን ስንት ጊዜ በመካከላችን አልሄደም? የዚያችን ልጅ ዓይን የሸፈነው ካርቶን ማንን ጎዳ?

«ኑሮ በተወደደበት ዘመን ይሄ ቅንጦት ነው» ትላላችሁ። የእህቴ ልጅ ልብስ የወጣበት ወጪ የክር ዋጋ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የተጣለ ዕቃ ነበር። እንዲያውም የሥራ ነገር ካነሣችሁ ልንገራችሁ። አምቦ ገበያ ውስጥ ከንጋት እስከ ማታ ሲንጀር የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ የዩኒፎርም ቁልፍ የሚተክል ልብስ ሰፊ አለ። ሸማኔ አለ፣ ቆዳ ሠሪ አለ፣ ብረት ቀጥቃጭ አለ። ለምድ የሚሰፋ፣ ጋሻ የሚያበጅ፣ ለሕፃን ልክ የሚሆን ካባ የሚቆርጥ እጅ ሥራ ሲያገኝ ቅንጦት ይባላል? ሩት ካርተርን ኦስካር መድረክ ላይ ያወጣት መርፌና ክር ነው።

«ጊዜው አይደለም፤ አገር ሰላም ይሁንና» ትላላችሁ። ይህ ነው ከሁሉ የሚያሳምመኝ። የእኛ ልጆች የተኩስ ድምፅ ያውቃሉ። መንገድ የሚዘጋበትን ቀን ከአዋቂ ፊት ቀድመው ያነባሉ። ለቅሶ ቤት ያውቃሉ፤ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ስንቀብር ያየ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። እንዲህ ያለ ልጅ ጀግንነትን ከየት ይማር? እኛ ካላስተማርነው ጥይት ያስተምረዋል። ያቺ ልጅ ዝናሯ ላይ ጥይት መሰካት ትችል ነበር፤ በሰፈራችን ሜዳ ላይ የጥይት ቀለህ ለቅመው የሚጫወቱ ልጆች አሉ። እሷ ግን እስክሪብቶ ሰካች። ማንም አልነገራትም። ሰላምን እንጠብቅ ስትሉ ልጅቷ ሰላምን በካርቶን ሠርታ በራችሁ ላይ ቆማ ነበር፤ መለሳችኋት።

«በየትኛው ቋንቋ?» የሚልም አለ። ለዚህ አምቦ ራሷ ምስክር ናት። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. ከዚህች ከተማ አጠገብ ቦዳ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ፤ ሁለቱንም ቋንቋ ከእናቱ ጡት ጋር ጠባ፣ ግዕዝም ተማረ። ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ የእህቴን ልጅ ዕድሜ፣ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ተውኔት ጻፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ታየለት። ያኔ ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልሞላም። አምቦም ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። የደንዲና የሜጫ ልጆች ጋቢ ወይም ነጠላ አሸርጠው በባሕር ማዶ ያለ የጥንት ንጉሥ ሆነው ሲቆሙ አስቧቸው። በሩ ላይ አንድ ኃላፊ ቆሞ «ይሄ የፈረንጅ ነው፤ ሂዱና ሰው መስላችሁ ኑ» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ በኋላ ሃምሌትንና ኦቴሎን በአማርኛ ያናገረ፣ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን የጻፈ ያ ሰው ከየት ይመጣ ነበር? አዋቂዎቹ ያን ቀን አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ፤ ተቀምጠው አዩ። ልጅ ያቦካውን በሉ። እስከ ዛሬ ያጠግበናል።

እንግዲህ የምጠይቀውን በግልጽ ልጠይቅ።

ጃገማ ኬሎ በ2009 ዓ.ም. አረፉ። እሳቸውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎችም እየቀነሱ ነው። ሕፃን ገልጦ የሚያየው፣ በሥዕል የተሠራ የበጋው መብረቅ መጽሐፍ በከተማችን መደብሮች ፈልጌ አላገኘሁም። ሐውልት ጥሩ ነው፤ ግን ሐውልት አይለበስም። ጀግና በልጅ ገላ ላይ ካልኖረ በድንጋይ ላይ አይኖርም።

ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው። በዚያ ቀን አንድ አዳራሽ ስጡን። አምቦ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አለው፣ ከተማው አዳራሽ አለው፣ ትምህርት ቤቶች ሜዳ አላቸው። ባነር አንፈልግም። የክብር እንግዳም አንፈልግም፤ መምጣት የሚፈልግ ካለ ልብስ ሰፍቶ ይምጣ። ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከጌዶ፣ ከባኮ፣ ከሆለታ ልጆች ጀግናቸውን ለብሰው ይምጡ። አንዱ አባ ነፍሶን፣ አንዷ ሃዊን፣ አንዱ ጸጋዬን ራሱን፣ ሌላዋ ከራሷ ጭንቅላት የወጣች ማንም የማያውቃትን ጀግና። ከከንቲባ ወንበር ፊት የልጅ ወንበር ይቀመጥ። ሠዓሊው፣ ልብስ ሰፊው፣ አርበኛውን የሚያውቁት አያት በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ ልጆች በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጠይቁ፤ የተጠየቀውም ያላወቀውን «አላሰብኩበትም» ይበልና ይጻፈው። የክፍለ ጊዜው መሪ «ከጊዜ አንጻር» የሚለውን ቃል ያን ዕለት ከአፉ አያውጣው።

ለዚያ ኃላፊም ቂም የለኝም። ያደጉት እኔ ባደግሁበት ተረት ነው። በዚያን ቀን ከበሩ ወዲህ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ልጅቷ ሰላም ትላቸዋለች፣ አሳድገናታል።

ልብሱ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ታጥፎ አልጋዋ ሥር ነበር። ጎረቤታችን ሰሞኑን ገብተው ያን ከረጢት ሲያዩ ቤታቸው ተመልሰው አንድ ትልቅ የወተት ቆርቆሮ አምጥተው ምንም ሳይናገሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ልጅቷም መብረቁን አዲስ ቆረጠች፤ ከፊተኛው ሁለት እጥፍ ይሆናል። ለምን እንዲህ አገዘፍሽው ብዬ ጠየቅኋት። «ከበሩ እንዲታይ» አለችኝ። የብርጭቆ ወረቀቱን አንሥቼ ጠርዙን ማለስለስ ጀመርኩ።